ቱርኪዎቹና የኤልደን ሸሚዞች

ሰኞ፣ ኤፕሪል 7

ዝናቡ አባርቷል። መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ስሰፋ ዋልኩ። የዱር ቱርኪዎቹ፣ እነዚያ ግዙፍ ዶሮ መሳይ ወፎች፣ ከጫካው ወጥተው ሜዳውን ይጭራሉ። ሴቶቹ ለቀማቸውን ይዘዋል። ወንዱ ጭራውን ዘርግቶ ይንጎራደዳል፣ ዞር ብላ ያየችው የለችም። እሱ ግን ምን ገዶት።

የኤልደንን ሸሚዞች እየቆረጥኩ ነው። ቁራጮቹን ገጣጥሜ ለልጃችን ለትሪና ብርድ ልብስ አደርገዋለሁ። እዚህ ባሏን የቀበረች ሁሉ ከልብሱ እንዲህ ትሠራለች። መቀሱ ሲገባበት ምንም አልተሰማኝም። ጨርቅ ነው...

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 9

ትሪና ደወለች። "እማዬ፣ አለቀስሽ?"

"አላለቀስኩም።"

"ኧረ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ።"

እንባ በትእዛዝ ይመጣል እንዴ? በገና ማግስት ከቀበርነው ወዲህ አንድ ጠብታ የለም። የቀብሩ ዕለት እንኳ ለሰው ሳህን ሳቀብል ነው የዋልኩት። አርባ ዓመት አብሬው ኖሬ... አልወደውም ነበር ማለት ነው? የሚያስፈራኝ ይሄ ብቻ ነው።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 10

ሰማያዊው ሸሚዝ አለቀ። ቱርኪዎቹ አልመጡም። ምሳ መብላቴንም እንጃ።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 11

ጎረቤቴ ቨርሊን መጣ። የሁለት ልጆች አባት ሆኖ እንኳ ለእኔ ልጅ ነው። ነገ የቱርኪ አደን ይጀመራል። ባርኔጣውን አውልቆ በር ላይ ቆመ።

"እትዬ ኦፓል፣ እንደ ድሮው እናንተ ጫካ ብገባ ቅር ይልዎታል?"

"ግባ። ማን ይከለክልሃል?"

"ኤልደን ቢኖር 'አንተ የምትመታው ቅጠል ነው' ይለኝ ነበር።"

ሳቄ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። አልመጣም። "አዎ፣ ይልህ ነበር" አልኩት።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 12

እንዴት ብዬ ልጻፈው...

ጎህ ሲቀድ ኩሽና ነበርኩ። ከኮረብታው የሴት ቱርኪ ድምፅ መጣ። ሦስቴ አጠር አጠር አድርጎ፣ ትንሽ ዝም፣ ከዚያ አንዴ ረዘም። አዳኝ ወንዱን ለማታለል በትንሽ የእንጨት ሳጥን የሚያሰማው ነው። እንደዚያ የሚጠራው ደግሞ ኤልደን ብቻ ነው። አላሰብኩም። እንቁላል ሰበርኩ፣ ሁለት ሳህን አወጣሁ፣ በረንዳ ላይ ወጥቼ እንደ ሁልጊዜዬ ተጣራሁ። "ኤልደን፣ ና እንጂ፣ ቁርስህ በረደ!"

ቱርኪዎቹ ክንፋቸውን እያማቱ ብን አሉ። ከዛፎቹ መሀል ቨርሊን ወጣ። ሳጥኑ እጁ ላይ ነው። ፊቱ ቲማቲም መስሏል።

"እትዬ... እሱ ነው ያስተማረኝ። ሌላ አጠራር አላውቅም።"

"ቱርኪህን አባረርኩብህ።"

"ገደል ይግባ።"

ያኔ ነው የገባኝ። ለቁርስ የሚመጣ ሰው የለም። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ እንደ ሕፃን፣ ከነንፍጤ። ቨርሊን የሚያደርገው ጠፍቶት አጠገቤ ተቀመጠ። በኋላ እንቁላሉን እሱ በላው። "እውነትም በርዷል" አለ።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 15

ግራጫው ሸሚዝ ብቻ ቀርቷል። መቀሱን አነሳሁ፣ እጄ እምቢ አለ። ሌሎቹን ሁሉ እንዴት ቆረጥኳቸው?

ትሪና ደወለች። "ምን እየሠራሽ ነው?"

"ምንም። የአባትሽን ሸሚዝ መቁረጥ አቃተኝ።"

አፍንጫዋን ስትስብ ሰማኋት። "እሰይ" አለች ቀስ ብላ። "ብርድ ልብሱ ይጉደል፣ እማዬ። አንቺ ልበሺው።"

ለብሼዋለሁ። እጅጌው ይረዝመኛል።