ደጅ የሌለው አየር መንገድ

መካነ ሰላም፣ ሐሙስ፣ ኅዳር 11

እማዬ ሳምንቱን የምትዘልቅ አትመስልም። እህቴ ዘሃራ ከጅዳ የምትመጣው ግን በወሩ መጨረሻ ነው። በርካሽ የቆረጠችው ትኬት ቀኑ አይቀየርም፤ ሌላ ለመቁረጥ አቅም የላትም።

አባባ ይህን ሲሰሙ ጥምጣማቸውን አስተካክለው ተነሡ። «ቢሮው የት ነው? ሽማግሌ ይዤ እሄዳለሁ» አሉ።

አየር መንገዱ ቢሮ እንደሌለው፣ ስልክ የሚመልሰውም ማሽን እንደሆነ ነገርኳቸው። ወደፊት ሁሉም እንዲህ ሊሆን ነው መሰለኝ፤ የሚቆጣን ሰው እንኳ አናገኝም።

«አለቃ የሌለው አውሮፕላን አለ እንዴ?» ብለው ስልኩን ተቀበሉኝ። ቆመው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ «ስለ አላህ ብላችሁ፣ እናቷን በሕይወት ትድረስባት» ሲሉ ለመኑ።

ማሽኑ «ጥያቄዎ አልገባኝም፣ እባክዎ እንደገና ይሞክሩ» አለ።

እንደገና ለመኑ።

እማዬ ከመኝታዋ «ምን አሉ?» አለች። አባባ ስልኩን መለሱልኝና «አብሽሪ፣ እሺ ብለዋል፤ ነገ ትገባለች» አሏት።