ፓስታው ደርሳለች

ጌትዬ፣

እንደምን አለህ አልልህም፤ ያለህበት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ የለም። መስቀል ሲደርስ ከተለየኸን ዓመት ይሞላል። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል ግን እንደማታምነኝ አውቃለሁ።

ቤቱ እንዳለ ነው። በሩ ዛሬም ካልገፉት አይዘጋም። የተለወጠው እራታችን ነው። ሲቀላ ሰፈር ያለውን ሱቄን ዘግቼ፣ ባጃጅ ተጋፍቼ ሴቻ ቤታችን ስደርስ ሜሮን በልታ ጥናቷ ላይ ናት፤ ቢኒም ከኳስ መጥቶ ቀዝቃዛ ወጥ ጨላልፎ ተኝቷል። እኔም ለብቻዬ እጎርሳለሁ። ሜሮን ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ካለፈች ዩኒቨርሲቲ ትሄዳለች። እናትና ልጆች አንድ ቤት እየኖርን ሳንገናኝ ልንበተን ነው ብዬ ፈራሁ።

ያኔ ነው ፓስታህ ትዝ ያለኝ። ከደብረ ብርሃን ለትምህርት መጥተህ፣ በአንዲት ኪራይ ክፍል አንድ ምድጃና አንድ ድስት ይዘህ የተማርካትን ሙያ አግብተህም አልተውካትም። ሽንኩርትና ቲማቲሙን ታቁላላለህ፣ ውሃ ትጨምራለህ፣ ፓስታውን እዚያው ሰባብረህ ትከታለህ፣ ከጓሮ የሽፈራው ቅጠል ቀንጥበህ ጣል ታደርግና ትከድናለህ። የሚደፋ ውሃ የለ፣ የሚታጠብ ሁለተኛ ድስት የለ። እህቶቼ ከጨንቻ ሲመጡ «አግብቶም ላጤ ነው» እያሉ ይስቁብህ ነበር፤ የሚስቁት ግን ሳህናቸውን አቅርበው ነው። እናቴ የላከችውን የሚለበልብ የቃሪያ ዳጣ መጀመሪያ ቀን እንደ ስጎ በማንኪያ ዝቀህ በልተህ ዓይንህ ያፈሰሰውን እስከ ዛሬ ያነሱታል። እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ።

ያቺን ቃልማ እንዴት እረሳለሁ? አዲስ ተጋብተን ሳለ፣ በጋሞኛ ያደግሁት እኔ ከማጀት ሆኜ «ፓስታው ደርሳለች!» ብዬ ጠራሁህ። ሌላው ቢሆን ያርመኝ ነበር። አንተ አስተማሪ ነህ፣ ያውም የአማርኛ፤ ግን ስቀህ ወደድካት። ልጆቹ ካደጉ ወዲያማ አንተው ስትሠራ ለሦስታችንም እየደወልክ «ደርሳለች!» ትልና ትዘጋዋለህ። ከዚያ መሮጥ ነው። ወጥ ይጠብቃል፤ ፓስታ ከቆየ ሊጥ ይሆናል። የስንፍና ብልሃት ይመስለኝ ነበር። ለካ የሚያስሮጠንን ምግብ መርጠህ ኖሯል! ጊዜ ያጣን ሰዎች ሳትቆጣ፣ ሳትለምን አንድ ትሪ ላይ ሰበሰብከን። እኔ ሱቅ ሙሉ ደንበኛ ማባበል የማውቅ ሴትዮ ይህን አላወቅሁም። ኮራሁብህ፣ ጌትዬ፤ ዘግይቼም ቢሆን ኮራሁብህ።

ባለፈው ቅዳሜ ሱቁን ቀደም ብዬ ዘግቼ ሠራሁት። ውሃው በዛብኝ፤ ከፓስታ ይልቅ ሾርባ መሰለ። ለሁለቱም ደውዬ ያቺን ቃል ብቻ ተናግሬ ዘጋሁ። ባይመጡስ እያልኩ በሩን በሩን አይ ነበር።

መጡ። ቢኒ ማልያውን ሳያወልቅ፣ ሜሮን መጽሐፏን እንዳቀፈች ገቡ። ሦስታችንም በላን፣ ቢኒ የውሃውን ብዛት እያነሳ አሾፈብኝ። ትሪው ባዶ ሲሆን ከድስቱ ሥር የያዘውን በማንኪያ መፋቅ ጀመረ። ሜሮን ሳታስበው «የአባዬን አትንካ!» አለችው። ያረረው ሁልጊዜም ያንተ ነበራ፤ ማንም አይሻማህም ነበር። ማንኪያው ባለበት ቆመ። ከቀብርህ ወዲህ ፊታችን አልቅሳ የማታውቀው ልጅ አለቀሰች፤ እኛም ዝም በይ አላልናትም። ኋላ ድስቱን መሀላችን አስቀምጠን ያንተን ድርሻ ለሦስት ተካፈልነው።

አንረሳህም ብዬ አልምልልህም፤ መሐላ አትወድም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን እንጠራራለን። ሜሮንም የትም ብትሄድ እደውልላታለሁ፤ መምጣት ባትችል እንኳ ቤቷ እንደሚጠራት ትወቅ። ከድስቱ ሥር የያዘውን ደግሞ ስምህን ሳናነሳ አንነካውም።

ያንተው አልማዝ