ከሶፋው ጀርባ ያለው ጄሶ

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9

ዝናብ። አስኮ የጀመርነው የጄሶ ኮርኒስ አልደርቅ አለ፤ በጊዜ ተመለስኩ። ምሳ እህቴ ዘመነች ጋ። ቤቷ መንገዱን ተሻግሮ ከእኔ ክፍል ፊት ለፊት ነው። የረቡዕ የጸሎት ኅብረታቸው እሷ ሳሎን ስለሆነ ወንበር አብሬያት ደረደርኩ።

"አንተም ብትቀመጥ ምን አለበት?" ሌላ ወንበር አነሳሁ። "ግን ያለ ጌታ ጠዋት ለምን ትነሳለህ?"

ምን ልበላት? ማንም አላስቀየመኝም። የዛሬ አራት ዓመት መዘምራን መሀል ቆሜ ለማን እንደምዘምር ጠፋኝ፣ በቃ። ሽንቴ መጥቶ ነው የምነሳው ልበላት? ለታላቅ እህት እንዲህ አይባልም።

ሶፋውን ስገፋ ከጀርባው ግድግዳው ተሰንጥቋል። ከላይ እስከ ታች። አልወደድኩትም።

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

ከቤቷ በላይ ዳገቱ ላይ ቤት የሚሠራው ሰውዬ የቆፈረውን አፈር ሁሉ ጫፉ ላይ ቆልሎታል። ውሃ ጠጥቶ ግድግዳዋን እየገፋ ይሆን? ወይስ የድሮ ስንጥቅ ነው? ሰውዬውን አናገርኩት። "ዝናቡ ጋብ ይበልና አነሳዋለሁ።" ወረዳ ሄድኩ። "ማመልከቻ አስገባ።"

ዘመነች ገበያ ስትወጣ ስንጥቁ ላይ ሦስት ቦታ ጄሶ ለጠፍኩ፣ ቀኑን በእርሳስ ጻፍኩበት። ሥራ ያስተማሩኝ ሽማግሌ እንዲህ ነበር የሚያደርጉት። ጄሶ አይለጠጥም፤ ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ይሰበራል። ለእሷ አልነገርኳትም። ደም ግፊት አለባት፣ በከንቱ ለምን ላስደንግጣት?

ሐሙስ፣ ሐምሌ 17

ጄሶው የለም! ተፍቆ ዘይት ተቀብቶበታል።

ትናንት ኅብረት ላይ የአንዷ ሴትዮ የጆሮ ጌጥ ወድቆ ሶፋውን ሲያነሱ አዩት። ነጭ ነገር፣ ቁጥር የተጻፈበት። "መተት ነው!" መሪያቸው ወንድም ዳንኤል በማንኪያ እየፋቀ ገሠጸው አሉ። አብረን የዘመርነው ዳንኤል! ጉድ እኮ ነው።

"እኔ ነኝ የለጠፍኩት" አልኳት። ፊቷ ተለዋወጠ።

"ታዲያ ለምን በድብቅ?"

አስረዳኋት። ሰማችኝ፣ ግን... "ጸልየንበታል እኮ ዮኤልዬ። ቤቴ በኢየሱስ ደም ተሸፍኗል።"

ጥፋቱ የኔ ነው። ያኔውኑ ብነግራት ኖሮ... እያየችኝ መልሼ ለጠፍኩ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 22

ተሰበረ። ሦስቱም። ስንጥቁ ጣቴን ያስገባል። በሩም አልዘጋ ብሏል።

"ውጪ ከዚህ ቤት!" ጮህኩባት። እሷ ላይ ጮኬ አላውቅም። "ዳንኤል ሦስት ቀን ጾሞበታል። አሁን ብወጣ እምነቴ የታለ?" በስንት ልመና አልጋዋን ወደ ፊተኛው ክፍል አዛወርኩላት። ዳንኤል ጋ ደወልኩ። "ፍርሃት ከማን እንደሚመጣ ታውቃለህ፣ ወንድሜ" አለኝ በዚያ ለስላሳ ድምፁ።

ነገ አሥራ ሰባት ሰው እዚያ ሳሎን ይቀመጣል። ግድግዳውን ተደግፈው። ልጆችም ያመጣሉ። ምን ላድርግ? እኔ ማንን ልለምን?

ረቡዕ፣ ሐምሌ 23

ልጻፈው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ገባሁ። መዝሙር ጀምረዋል። ግድግዳው ሆድ አውጥቷል። በሩ ላይ ተንበረከክኩ። "መመለስ እፈልጋለሁ። ቤቴ መጥታችሁ ጸልዩልኝ። አሁኑኑ!" ዘመነች እልል አለች፣ አለቀሰች። ሁሉም ልጆቻቸውን አንጠልጥለው በዝናብ ተሻገሩ።

ክፍሌ ውስጥ የጄሶ ከረጢት መሀል ተንበረከክን። የዳንኤል እጅ ራሴ ላይ። እነሱ ይጸልያሉ፣ የኔ ጆሮ ማዶ ነው። ምንም የለም። ዝናብ ብቻ። ተሳስቼ ቢሆንስ? ስንት ዓመት እየዋሸሁ ልኖር ነው?

ዘመነች ተነሳች። "መጽሐፍ ቅዱሴን ረስቼ..."

ቀሚሷን ያዝኩ። "አትሂጂ፣ እታለም።"

"ልቀቀኝ እንጂ፣ አሁን እመጣለሁ!"

አልለቀቅኩም። ያኔ መጣ። ገልባጭ መኪና ድንጋይ ሲደፋ ያለው ድምፅ። ወጥተን ስናይ የዘመነች ሳሎን አፈር ውስጥ ነው።

ማንም አልሞተም።

እሑድ፣ ሐምሌ 27

ዘመነች እኔ ጋ ናት። ዛሬ ቸርች መሰከረች፤ "ጌታ ወንድሜን ሊመልስልኝ ቤቴን ወሰደ" ብላ። ስትመለስ አላስቻለኝም።

"ዋሽቼ ነው እታለም። አልተመለስኩም።"

ነጠላዋን አውልቃ አጠፈችው። "እኔን ለማውጣት?"

"አዎ።"

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። "ታዲያ ጠዋት ለምን እንደምትነሳ አሁንም አልነገርከኝም" አለች ቀስ ብላ።

በሩ ተንኳኳ። ሰብሪያ ናት፣ ከፈረሰው ቤት ቀጥሎ ያለችው። "በአላህ፣ ያንን ጄሶ ለኛም ለጥፍልን።" ዳገቱ ሥር የቀረው አምስት ቤት ነው። አምስቱም ጋ ለጠፍኩ። ዘመነች ተከትላኝ መጣች፤ እርሳሱን ተቀበለችኝና ቀኑን እሷ ጻፈች።

ሰኞ፣ ሐምሌ 28

ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። አሥራ ሁለት ሰዓት ማንም ሳይቀሰቅሰኝ ተነሳሁ። ቤት ለቤት ዞርኩ። አራቱ ደህና ናቸው። የሰብሪያ ጄሶ ተሰንጥቋል። ፀጉር ቢያክል ነው።

"ልጆቹን አስነሺ" አልኳት።

ለምን አላለችኝም። ጫማ እንኳ ሳታደርግላቸው ይዛቸው ወጣች።