በዝናብ ጃንጥላ ዘግታ ስለያዘችው ሴትና ጠፉ ስለተባሉት አሥራ አንድ መንገደኞች

ለተከበሩ ሚስተር ሩፐርት ፔምብሪጅ
የ«ባሕር እመቤት» መርከብ የየብስ ጉብኝት ኃላፊ
ባሉበት

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ዘወትር ከአንገትዎ የማትለየው ያቺ ፊሽካ ደህና ናቸው? እኔ፣ ባለቤቴ ክላይቭና ግራ ጉልበቴ ከሞላ ጎደል ደህና ነን። ባሕሩ ከእግርዎ በታች ጸጥ ይበልልዎ፤ ወረፋውም ከጠረጴዛዎ ፊት አይታጣ።

ባለፈው ወር ከመሥሪያ ቤትዎ የተላከልኝን ባለ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ለክላይቭ ጮክ ብዬ ሳነብለት (ጆሮው ስለደከመ ጎረቤቶቻችንም አብረው ሰምተዋል)፣ «የሰባተኛውን ቡድን አሥራ አንድ መንገደኞች ያለ ፈቃድ ወስዳ ሰውራለች» የሚለው ላይ ስደርስ በሳቅ ሻዬን ደፋሁት። ሃያ ዘጠኝ ዓመት በትምህርት ቤት ምግብ ቤት ድንች ስልጥ የኖርኩት ሴት፣ በስተርጅና ሰው ሰራቂ ተባልኩ! ነገሩ ግን እውነትነት ስላለው፣ የከተማዬ የግሪምስቢ ሰው ከሌላ ከሚሰማው ከኔው ይስማው ብዬ መልሴን በከተማችን ጋዜጣ በግልጽ ለመጻፍ ወሰንኩ። ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር አስቀምጣለሁ። እየጻፍኩ ስሄድ አብዛኞቹ በራሴ ላይ የሚቀርቡ ሆነው ከተገኙ፣ እባክዎ እንዳላዩ ይለፉኝ።

አንደኛ፦ በሁለተኛው ቀን ምሽት በትልቁ አዳራሽ ስለሰጡን ገለጻ ነው። «በመርከቡ ጉብኝት የወጣ ሰው ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቀዋል፤ በራሱ የወጣ ግን ከወደቡ ላይ ሆኖ እጁን ያውለበልብልናል» ብለው ሁለት መቶ ሰው አሳቁ። እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነበር? እጄን አውጥቼ፣ «እግርና አፍ ያለው ሰው አስጎብኚ አያስፈልገውም!» አልኩ። ክላይቭ ባይሰማም ወንበሩ ውስጥ ሲሸጎጥ አይቼዋለሁ።

እንዲህ ያስደፈረኝ ግን ትዕቢት ብቻ አልነበረም። መርከቡ በሚያርፍባት በኦለሱንድ ከተማ ጉንቮር የምትባል የብዕር ጓደኛ አለችኝ። የአሥራ አራት ዓመት ልጆች ሳለን አስተማሪዎቻችን አድራሻ አለዋወጡን፤ አርባ ሁለት ዓመት ስንጻጻፍ ግን አንድም ቀን ተገናኝተን አናውቅም። አንዴ ልጅ ይታመማል፣ አንዴ ጣሪያ ያፈስሳል። ባለፈው ክረምት ፊደሏ በድንገት ገዝፎ መጣ። «ሎሬን፣ ዓይኔ እየከዳኝ ነው። ሐኪሙ ጥቂት ጊዜ ይቆይልሽ ይሆናል ብሎኛል። ፊትሽን ሳላየው እንዳይጨልምብኝ» ይላል። ወደ ጠረጴዛዎ ሄጄ በጉብኝቱ መካከል ለአንድ ሰዓት ብቻ ተለይቼ ጓደኛዬን ማየት እችል እንደሆነ ብጠይቅ፣ ፕሮግራሙ ለጓደኛ የሚሆን ቦታ እንደሌለው በታላቅ ትሕትና ተነገረኝ። ለትሕትናው እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ። በራሴ ለመውጣት የቆረጥኩት በዚህ ነው።

ሁለተኛ፦ ቢጫውን ጃንጥላ የገዛሁት ከራስዎ መርከብ ሱቅ ነው። አስጎብኚዎችዎ ያንኑ ጃንጥላ ለምልክት እንደሚይዙ ሻጯ አልነገረችኝም፤ እኔም ከካፖርቴ ጋር ይሄዳል ከማለት ያለፈ አልመረመርኩም። ጠዋት ኦለሱንድ ስንወርድ ዝናቡ ይወርዳል። ክላይቭ ደግሞ በየጀልባው ሞተር ፊት እየተገተረ ይቀራል፤ ቢጠሩት አይሰማም። እንዳይጠፋብኝ ጃንጥላዬን እንደተዘጋ ከራሴ በላይ ቀስሬ መራመድ ጀመርኩ። አሁን ሳስበው፣ በዝናብ ጃንጥላ ዘግቶ ወደ ሰማይ ቀስሮ የሚሄድ ሰው ወይ ያበደ ነው ወይ አስጎብኚ። መንገደኞችዎ ጨዋ ሰዎች ስለሆኑ አስጎብኚ ናት አሉ።

ሦስተኛ፦ ድልድዩ ላይ ዘወር ስል፣ ደረታቸው ላይ ሰባት ቁጥር የለጠፉ አሥራ አንድ ሰዎች ከኋላዬ ቆመዋል። ስሄድ ሄዱ፤ ስቆም ቆሙ። ሚስስ ዊኒፍሬድ የሚባሉ የሰማንያ ሦስት ዓመት እናት፣ «ልጄ፣ እባክሽ ቀስ በይ፤ ዳሌዬ እንደ ምላሴ አይፈጥንም» አሉኝ። «ኧረ እኔ አስጎብኚ አይደለሁም» ማለት የነበረብኝ ያኔ ነበር። አፌንም ከፍቼ ነበር። ግን ዴዝመንድ የሚባለው ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር ቀደመኝና፣ «ያ ባለ ሾጣጣ ጣሪያ ቤት የማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ክፋቱ፣ መልሱን ዐውቀው ነበር።

ጉንቮር በአርባ ሁለት ዓመት ውስጥ ያልጻፈችልኝ የኦለሱንድ ወሬ የለም። ቤቱ፣ ሚስቱን ጥሎ ከቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋቿ ጋር በዓሣ ጀልባ የኮበለለው የጥርስ ሐኪም ነው። ነገርኳቸው። ቀጥዬ የጉንቮር ወንድም በበረዶ ተንሸራቶ የፊት ጥርሱን የሰበረበትን ደረጃ አሳየሁ፤ ጥርሱን የተከለለት ያው ሐኪም እንደነበረ፣ ሥራው ግን ከትዳሩ የበለጠ እንደቆየ ጨመርኩበት። አንዲት ሴት ደብተር አውጥታ ስትጽፍ አየሁ! ሚስተር ፔምብሪጅ፣ የምናገረውን ሰው ሲጽፈው በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው፤ ክላይቭ ከገበያ አምጣ የምለውን እንኳ አይጽፍም። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁመኝ? እውነተኛዋ አስጎብኚዎ በዚያው ሰዓት ሙዚየም በር ላይ ብቻዋን ቆማ ትጠብቅ እንደነበር በደብዳቤዎ ሳነብ ግን አፍሬያለሁ። ይቅርታ እንደጠየቅኳት ይንገሩልኝ።

አራተኛው ቅሬታዬ ስለ ጉንቮር ወጥ ቤት ጠባብነት ሲሆን፣ እርስዎን የማይመለከት ቢመስልም ይመለከትዎታል። ለሁለት እንግዳ የተዘጋጀችው ሴት በሩን ስትከፍት አሥራ ሦስት የረጠበ ሰው ደረጃዋን ሞልቶታል። ዓይኖቿን ጨፈን ገለጥ አድርጋ፣ «ሎሬን፣ ፈርተሽ ነው ወይስ ሹመት አግኝተሽ ነው በአጀብ የመጣሽው?» አለችኝ። ከዚያ አገጬን ይዛ ወደ መስኮቱ ብርሃን ሳበችኝ። አፍንጫዋ አፍንጫዬን ሊነካ ምንም አልቀረውም። በአሥራ አምስት ዓመቴ ከብስክሌት ወድቄ ያገኘሁትን ጠባሳ ያኔ ጽፌላት ነበር፤ ያንን ፈለገች፣ አገኘችው፣ በጣቷም ነካችው። «ይኸው! አለ! በደብዳቤሽ ላይ ግን ቀጭን ነበርሽ» አለች። ሚስስ ዊኒፍሬድ መሐረባቸውን ሰጡኝ።

ዋፍል የሚሉት ጣፋጭ ቂጣ መጥበሻዋ በአንዴ አንድ ብቻ ነው የሚያወጣው። ሚስስ ዊኒፍሬድ ሊጡን ሲመቱ፣ ዴዝመንድ የአገሩን ቡናማ አይብ ሲቆርጥ፣ ክላይቭ ምድር ቤት ከጉንቮር ወንድም ጋር አሮጌ ሞተር ሲፈታ (ቋንቋ አይግባቡም፣ ክላይቭም አይሰማም፣ እንዲህ የተዋደዱ ሁለት ወንዶች ግን አላየሁም)፣ ሕሊናዬ ወቀሰኝና ተነሥቼ እኔ አስጎብኚ አለመሆኔን ለሁሉም ተናዘዝኩ። ዴዝመንድ ዋፍሉን እያኘከ፣ «ኧረ እህቴ፣ ጥርስ ሐኪሙ ጋ ስንደርስ ዐውቀናል። ግን ከዚያ ወዲያ ሙዚየም ማን ይሄዳል? አሁን ተቀመጪና ንገሪን፤ ጥሏት የሄደው ሚስቱ ምን ሆነች?» አለኝ። ምን እንደሆነች የምታውቀው ጉንቮር ነበረችና ነገረችን። አንድ ሰዓት ፈጀ።

አምስተኛ፦ ሰዓቴን ያየሁት ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ነው። መርከቡ የሚነሣው አሥር ሰዓት ላይ ነው፤ ሚስስ ዊኒፍሬድ ያንን ሁሉ ደረጃ የሚወርዱት አንድ በአንድ ነው። ጉንቮር በክንዴ ተደግፋ አብራን ወረደች። አሥር ሰዓት ሞላ፣ የመርከቡ ጥሩምባ ጮኸ፣ በአዳራሹ የተናገርኩት ሁሉ ወደ ጆሮዬ ተመለሰ። «እኛን ተዉንና ሩጡ» አልኳቸው። «በምን እግር?» አሉ ሚስስ ዊኒፍሬድ። እናም ማንም አልሮጠም።

አሥር ሰዓት ከአርባ ላይ መወጣጫው ሥር ስንደርስ፣ ዝናብ እየወረደብዎ፣ ዝርዝር ይዘው ቆመው ነበር። አሥራ አንድ ስም ጎደለብኝ ብለው ያንን የሚያህል መርከብ አቁመውታል። ሰባት ቁጥር የለጠፉትን አንድ በአንድ ቆጥረው ሲጨርሱ እኔንና ክላይቭን ቀና ብለው ያዩበትን ዓይን ሥዕል ብችል እሥለው ነበር። ብቻውን ለወጣ ሰው አይቆምም የተባለው መርከብ፣ የርስዎን አሥራ አንድ ሰዎች ስላስከተልኩ ብቻ፣ አርባ ደቂቃ ቆሞ ጠበቀኝ። ስለዚያ አርባ ደቂቃ ያለ ምንም ቀልድ አመሰግንዎታለሁ። በደረጃው ስንወርድ ጉንቮር በየሦስት እርምጃው እየቆመች ፊቴን ትመለከት ነበር፤ እርምጃ የምትቆጥር አስመስላ።

ስለ ቅጣቴ፦ «ከእንግዲህ በመርከቡም ሆነ በወደብ ከትከሻ በላይ ማንኛውንም ዕቃ ላለማንሣት» በጽሑፍ ቃል እንድገባ ጠይቀዋል። በደስታ እገባለሁ። ኮፍያዬ ግን ከትከሻዬ በላይ ስለሚውል መመሪያ ይላኩልኝ።

መርከብዎ ማዕበል፣ ዝርዝርዎ ጉድለት፣ ፊሽካዎም ዝገት አይንካቸው እያልኩ፣ እጅ እነሣለሁ።

ያለ ፈቃድ፣ ያለ ደመወዝና ያለ ኀፍረት ያገለገልኩዎ
ሎሬን ስታብስ
የቀድሞው ሰባተኛ ቡድን መሪ

ማስታወሻ፦ የመጪውን ዓመት የጉዞ መጽሔትዎን ከሁለት ሳምንት በፊት ፖስተኛው አመጣልኝ። በሠላሳ አንደኛው ገጽ ላይ «በኦለሱንድ ቤተሰብ ማእድ፤ ከዋፍልና ከከተማዋ ምስጢሮች ጋር» የሚል አዲስ ጉብኝት አየሁ። ጉንቮር የትኛው ቤተሰብ እንደሆነ ለማወቅ ጓጉታለች፤ እሷን የጠየቃት የለምና። ፎቶው ላይ ደግሞ በዝናብ ውስጥ ጃንጥላዋን ዘግታ ሰዎች እየመራች ከኋላዋ የምትታየው ሰፊ ሴት እኔ ነኝ፤ ካፖርቴን ዐውቀዋለሁ፣ ስፋቱንም አልክድም። ምስሌን ስለተጠቀሙበት ምንም አልጠይቅዎትም፤ ብቻ በዚያ ጉብኝት ለሁለት ሰው ቦታ ይያዙልኝ፤ መርከቡ እንዲጠብቀኝ ሰባት ቁጥሩን እለጥፋለሁ። ከግንቦትም አያሳልፉት። ሰሞኑን የደረሰኝ የጉንቮር ደብዳቤ፣ ፊደሉ ከመግዘፉ የተነሣ በአንድ ገጽ ስድስት ቃል ብቻ ነበር የያዘው።