ሰማያዊው ሲሊኮን

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣ ለምጥኔ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እናትሽ ደህና ናት። ጉልበቷ ተሽሏት ደረጃውን ያለ ምርኩዝ መውጣት ጀምራለች። እኔም በአካል ደህና ነኝ። በየሳምንቱ ስትደውዪላት ከጎኗ ተቀምጬ ድምፅሽን እሰማለሁ። "አባትሽን ላገናኝሽ?" ስትልሽ መስመሩ ይቆራረጣል። መስመሩን የሚቆራርጠው ማን እንደሆነ ስለማውቅ አልቀየምም። መለዋወጫ መደብር ውስጥ ቆመሽ ማጣሪያና ቀበቶ እንደምትሸጪ፣ ሞተር ከነካሽ ግን ሦስት ዓመት እንደሆነሽ የነገረችኝም እሷ ናት።

እጄ ደብዳቤ እንዳልለመደ ታውቂያለሽ። ሦስት ወረቀት ጀምሬ ቀድጃለሁ፤ ሦስቱም ስለ አየሩ ጠባይ ነበር የሚያወሩት። ይሄኛውን በመኪናዋ ልጀምር።

የጥርስ ሐኪሙ መጥቶ ነበር፣ ያቺን ዝቅ ያለች ግራጫ የውድድር መኪናውን ይዞ። አዎ፣ ያቺኑ። ሌላ ሞተር አስገብቶላታል። ባለፈው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ጋራዡ በር ላይ አቆማትና አንድ ካርቶን ብብቱ ሥር ይዞ ገባ። ካርቶኑን ሳልከፍተው አወቅሁት። ያ በዘይት መያዣው፣ በኮፓው ውስጥ የሚገጠመው፣ ትንንሽ በሮች ያሉት ማገጃ ብረት ነው። መኪናዋ በፍጥነት ስትታጠፍ ዘይቱ ሁሉ ወደ አንድ ጎን እንደሚሸሽ፣ ዘይቱን ለሞተሩ የሚያደርሰው መምጠጫ ባዶ አየር እንደሚስብ፣ ይሄ ብረት ዘይቱን ከመሸሽ እንደሚያግደው ያስረዳሽኝ አንቺ ነበርሽ። እኔ በሠላሳ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ ዕቃ ገጥሜ አላውቅም ነበር።

"ጋሼ፣" አለኝ ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠ፣ "ይቺን ዕቃ እንደገና ላስገጥም ነው። አሁን ግን አደራዎን፣ በራስዎ እጅ ይሁን። ልጅዎ እንደሆነች ሄዳለች፤ ባለችበት ሰላም ያድርጋት። ሞተር ውስጥ እጇን ባታስገባ ግን ይሻላታል።"

በያጁ ከጥጉ የብየዳ መከላከያውን ከፊቱ ከፍ አድርጎ አየኝ። ሌሎቹም ሰምተዋል። አፌን ከፈትኩ።

"እሺ ዶክተር፣ ሐሙስ ይውሰዷት" አልኩ።

እሺ አልኩ፣ ምጥኔ። ሦስት ዓመት ሲያንገበግበኝ የኖረ ነገር በእግሩ ደጃፌ ድረስ ሲመጣ፣ ያገኘሁት ቃል እሺ ብቻ ነው።

ያኔ የሆነውን አንቺ ታውቂዋለሽ። እኔም እንደምታውቂው አውቃለሁ። ግን ከአፌ ወጥቶ ስለማያውቅ ልጻፈው። ኮፓውን ያወረድሽው አንቺ ነሽ። ጠርዙ ላይ የነበረውን አሮጌ ማጣበቂያ ፍቀሽ እንደ ሰርግ ሳህን ያጸዳሽው አንቺ ነሽ። መምጠጫው ከኮፓው ወለል ምን ያህል እንደሚርቅ ለማወቅ የልጆች መጫወቻ ጭቃ ለጥፈሽ፣ ገጥመሽ፣ እንደገና ፈትተሽ፣ የተጨፈለቀውን ጭቃ ስትለኪው፣ "የጥርስ ሐኪሙስ አንቺ ነሽ!" ብዬ ሳቅኩብሽ። አንቺም ሳቅሽና "አባዬ፣ ሁለት ሚሊሜትር ብትሳሳት ይሄ ሞተር በውሃ ጥም ይሞታል" አልሽኝ። ግራጫውን ማጣበቂያ ሲሊኮን እንደ ክር አቅጥነሽ በጠርዙ ዙሪያ ሳብሽው፤ ቡሎኖቹን በልካቸው አጠበቅሽ። "እስከ ነገ ይድረቅ፣ ዘይት እንዳትሞላበት" ብለሽኝ ወደ ቴክኒክ ትምህርት ቤቱ ፈተናሽ ሄድሽ።

አንቺ እንደወጣሽ ሐኪሙ ደውሎ አስቸኮለኝ። ኮፓውን መልሼ ፈታሁት። ያንቺ መስመር ቀጥኗል፣ ያፈሳል አልኩ። ጠራርጌ ጣልኩትና ከመደርደሪያው ሰማያዊውን ሲሊኮን አውርጄ እንደ ልማዴ ጣት በሚያህል ውፍረት ሞላሁበት። ሳጠብቀው ትርፉ ወደ ውጭም ወደ ውስጥም ተጨመቀ። የውጭውን በጨርቅ ጠረግሁ፤ የውስጡን ማን ያየዋል? የዚያኑ ዕለት ዘይት ሞልቼ አስነሳሁት።

ቅዳሜ ሞተሩ ውድድር ሜዳው ላይ ተጣብቆ ቀረ። ሰኞ በጭነት መኪና ጭነው አመጧት። ሐኪሙ፣ በያጁና እኔ ቆመን እያየን ኮፓውን ያወረድሽው አሁንም አንቺ ነበርሽ። የመምጠጫው ወንፊት በተበጣጠሰ ሰማያዊ ሲሊኮን ተደፍኗል። ሐኪሙ "ይሄን ማን ነው የገጠመው?" ብሎ ጮኸ። ቀና ብለሽ አየሽኝ። እንድናገር ጊዜ ሰጠሽኝ፤ ብዙ ጊዜ ነው የሰጠሽኝ።

"ልጄ ናት" አልኩ። "ገና ተማሪ ናት፣ ይቅር ይበሏት" ብዬም ጨመርኩበት።

ወደ ቧንቧው ሄደሽ እጅሽን በሳሙና ታጠብሽ። ረጅም ጊዜ ነው የታጠብሽው፣ በየጣትሽ መሃል። ከዚያ ቱታሽን አጣጥፈሽ ወንበሩ ላይ አስቀመጥሽና ወጣሽ።

አሁን ወደ ባለፈው ሳምንት ልመለስ። ማክሰኞ ጭቃውን ልገዛ ጽሕፈት መሣሪያ መደብር ሄድኩ። ሻጯ "ለልጅ ልጅዎ ነው?" አለችኝ። "አዎ" አልኳት። እንደው ለውሸት ማን ብሎኝ! ከዚያ አንቺ ያደረግሽውን ሁሉ አንድ በአንድ አደረግሁ፤ ለጠፍኩ፣ ለካሁ፣ ፈታሁ። ግራጫውን ሲሊኮን ሳቀጥን መስመሩ እንደ ትል ተጠማዘዘብኝ። ጠርጌ እንደገና፣ ጠርጌ እንደገና። በመጨረሻ ቀና ሲል ጀርባዬ ተቆርጦ ነበር።

እስከዚህ የጻፍኩትን ተመልሼ ሳነበው አንድ ውሸት አገኘሁበት። ከሦስት ዓመት በፊት ያን ዕለት ሐኪሙ አልደወለም። ማንም አላስቸኮለኝም። ሐኪሙ ካርቶኑን ይዞ ሲመጣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ አልፎኝ ለአንቺ ነው የሰጠው። በዚያው ሳምንት ሁለት ደንበኞች "ልጅቷ የለችም?" ብለው፣ የለችም ስላቸው ተመልሰው ሄደዋል። አንቺ ወደ ፈተናሽ ስትሄጂ መኪናዋ ሥር በጀርባዬ ገብቼ ሥራሽን አየሁት። በጠርዙ ዙሪያ ግራጫዋ ክር እኩል ብቅ ብላለች፤ አንድም ቦታ አልወፈረች፣ አንድም ቦታ አልተቋረጠች። ጉድለት ብዬ የማነሳው ነገር አጣሁ። የፈታሁት ለዚያ ነው።

እናት ብትሆን ኖሮ እልል ትል ነበር። እኔ አባት ሆኜ ፈታሁት።

ሐሙስ ከሰዓት ሐኪሙ መጣ። አስነሳት፤ የዘይት ግፊት መለኪያው ቀጥ ብሎ ቆመ። ቤንዚን ሰጠ፣ ቀነሰ፤ ንቅንቅ አላለም። ወርዶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና ሁሉም እንዲሰማ "ይኸው! የአዋቂ እጅ ሲነካው እንዲህ ነው!" አለ።

"ዶክተር፣" አልኩት፣ "ያኛውን ሞተር የገደልኩት እኔ ነኝ።"

የምቀልድ መስሎት ሳቀ። ነገርኩት፤ የፈታሁትን፣ የሞላሁትን፣ በልጄ ያሳበብኩትን። በያጁ ብየዳውን አቆመ።

ሐኪሙ የመኪናዋ አፍንጫ ላይ ቁጭ አለ። "የውድድር ቡድናችን አለቃ ያኔ ስለ ልጅዎ ጠይቆኝ ነበር" አለ ቀስ ብሎ። "'ልቀጥራት ነው፣ እጇ እንዴት ነው?' አለኝ። ምን እንዳልኩት ያውቃሉ?"

"አላውቅም።"

"ይቅርብህ አልኩት። ጋሼ፣ እኔ እኮ እውነት የምናገር መስሎኝ ነው።"

ያን ሰሞን የፖስታ ሣጥኑን በቀን ሁለት ጊዜ ስትከፍቺ አይሽ ነበር። ምን እንደምትጠብቂ አልጠየቅኩሽም።

ሐኪሙ የዘረጋሁለትን እጅ ሳይጨብጥ ሄደ። ቅዳሜ ለቡድኑ አለቃ እውነቱን እንደነገረው በበያጁ በኩል ልኮልኛል። ቦታው ግን ከተያዘ ቆይቷል። ያበላሸሁትን በአንድ ስልክ የሚያቃና ሰው አልተገኘም።

እሑድ ለእናትሽ ነገርኳት። ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠችና "ስትሄድ ጣቢያው ድረስ ሻንጣዋን የያዝክላት አንተ አይደለህም?" አለችኝ።

"እኔ ነኝ።"

"ያን ሁሉ መንገድ ዝም ብለህ?"

"ዝም ብዬ።"

ከዚያ ወዲህ አንቺ ክፍል ነው የምትተኛው። ምሳዬን ታቀርብልኛለች፣ ሸሚዜን ትተኩስልኛለች፤ ቃል ግን የለም። ልክ ናት።

ከደብዳቤው ጋር አንድ የታጠፈ ወረቀት ታገኛለሽ። የጋራዡ ማኅተም አለበት። ሥራውን በጥንቃቄና በልኩ የሠራሽው አንቺ እንደሆንሽ፣ ፈትቼ ያበላሸሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ጥፋቴንም በአንቺ እንዳላከክሁ ይላል። ስጽፈው በያጁ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። "ሰማያዊውን ሲሊኮን ስታወርድ አይቼህ ነበር" አለኝ። "እንጀራዬ ነህና ዋጥኩት። እኔም ልፈርም።" ፈረመ። ሞተር በሚሠሩበት ቦታ ሁሉ አሳዪው። አባቴን አዋርዳለሁ ብለሽ ሣጥን ውስጥ እንዳትደብቂው፤ ሦስት ዓመት የሸፈንሽኝ ይበቃል።

መልስ ጻፊልኝ አልልሽም። በሰው ፊት የዋሸሁትን በሰው ፊት አርሜዋለሁ። በአንቺ ፊት ለመድገም ግን ፊት ያስፈልገዋል፤ እሱን ገና አላገኘሁም።

እጅሽ የነካው ሁሉ ይቅናልሽ። ሠርተሽ ያቆምሽውን የሚያፈርስ አይጠጋሽ። የሚያምንሽ፣ ሲጠየቅም ስምሽን በደህና የሚያነሳ ሰው አይጥፋብሽ፣ ልጄ።

አባትሽ