የበኩሩ ቤት

ይድረስ ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ ለሃልቫርድ፤

እንዴት ከርመሃል? ባለቤትህ ማርሴላስ እንዴት ናት? ትንሿ ኤሎይሳ ሳሉ ለቀቃት? እዚያ ቺሊ አሁን ብርዱ የሚወጣበት ጊዜ ነው መሰለኝ፤ ባሕሩና የምታረባቸው ዓሣዎችስ ሰላም ናቸው? እኔ ከወገቤ በቀር ደኅና ነኝ። ወገቤን ምን እንዳገኘው ደግሞ አሁን ትሰማለህ።

ቤታችንን ማደስ ጀምሬአለሁ። እማዬ አረጋውያን ቤት ከገባች ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዞር ብሎ ያየው ስለሌለ፣ በሩን ስከፍተው አለቀስኩ ብልህ አላጋነንኩም። የጣራው ድንጋይ ተንሸራቶ ዝናቡ አባዬ ይተኛበት የነበረው ክፍል ውስጥ ይወርዳል። የኩሽናው ወለል ሲረግጡት ይሰምጣል። ጭስ ማውጫው ላይ ዛፍ በቅሎ ቁመቱ እኔን ያህላል። በሰሜን በኩል ያለውን የመሠረት ግንድማ በሾርባ ማንኪያ ዛቅኩት፤ እንደ ገንፎ እየተቆረሰ ወጣ።

ለብቻዬ እንደማልችለው ሳውቅ ደቦ ጠራሁ። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ አሥራ አራት ሰው መሰላሉንና መዶሻውን ይዞ መጣ፤ ጣራው አለቀ። ደስታዬ ግን አፋቸውን እስኪከፍቱ ድረስ ነበር። አንዱ "ሃልቫርድ እንዴት ነው?" ይላል፤ ሌላዋ "እሱ ቢኖርማ ይሄኔ አልቆ ነበር" ትላለች። ጎረቤታችን ኦድቫር ደግሞ የሳሎኑን መስኮት መቃን እየደባበሰ፣ "እዩት እስቲ፣ ይሄ የሃልቫርድ እጅ ነው! ምን ያደርጋል፣ ይሄን የመሰለ እጅ ባሕር ማዶ ዓሣ ይቀልባል" አለ። መቃኑን የሠራሁት እኔ ነኝ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ አንተ ያን ቀን ጭፈራ ሄደህ ነበር። ይህንኑ ብነግረው፣ "ተይ እንጂ ቱርዲስ፣ በመስኮትም ልትቀኚበት ነው?" ብሎ ሰውን ሁሉ አሳቀብኝ። ዋፍልና ቡና ሳቀርብም ብድግ ብሎ "ለቤቱ በኩር፣ ለሃልቫርድ!" አለና ኩባያውን አነሳ። እኔው ባፈላሁት ቡና ለጤናህ ጠጡልህ።

አዎ፣ ቀንቻለሁ። ኦድቫር እውነቱን ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ስቀናብህ ኖሬአለሁ፤ ግን እንደዚህ ዓመት አንጀቴ አሮ አያውቅም።

እሑድ የቤቱን ፎቶ ይዤ እማዬ ዘንድ ሄድኩ። አዲሱን ጣራ አይታ ፊቷ በራ፤ "ሃልቫርድ መቼ መጣ?" አለችኝ። እኔ እንዳሠራሁት ስነግራት እጄን እየዳበሰች "አንቺማ ሁልጊዜ አለሽ፣ ልጄ" አለች። ክፋት ኖሯት አይደለም፤ እኔ ግን እቤቴ እስክደርስ ስነፋረቅ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እማዬ ባለፈው ኖቬምበር ቤቱንና እርሻውን በስሜ ስታዞር በስልክ ነግሬህ ነበር። "እሺ፣ ጥሩ" ብለህ ስለ ዓሣህ ማውራትህን ቀጠልክ። በኩር ስለሆንክ በሕጉ መሠረት በዓመት ውስጥ ይገባኛል ካልክ ቤቱ ያንተ እንደሚሆን አልነገርኩህም፤ አንተም አልጠየቅክም። በየገናው ግን "አንድ ቀን ተመልሼ እገባበታለሁ" ትላለህ። ዓመቱ የሚሞላው ኖቬምበር ሦስት ነው። አሥራ አንድ ወር ሙሉ ትዝ እንዳይልህ እየጸለይኩ ሚስማር ስመታ ከረምኩ። ዝም ብል ሦስት ሳምንት ብቻ ነው የቀረኝ፤ ከዚያ ማንም አይነካኝም።

ግን አልቻልኩም። ባልነግርህና ቢቀርልኝ፣ ዕድሜ ልኬን አንተ የረሳኸው ቤት ውስጥ ልኖር ነው። ከፈለግከው በጊዜው ጠይቅና ውሰደው፤ እጣላሃለሁ፣ ግን እለቅልሃለሁ። ካልፈለግከው ደግሞ "ቤቱ የቱርዲስ ነው" ብለህ በገዛ እጅህ ጻፍልኝ። ወረቀቱን ደቦ ለመጡት ሁሉ በየተራ አነብላቸዋለሁ፤ ለኦድቫር ሁለት ጊዜ።

ማርሴላን ሳምልኝ፤ የላከችው ሹራብ ልክ ሆኖኛል። ኤሎይሳን አክስትሽ ናፍቃሻለች በላት። ኦድቫር ሰላም በይልኝ ብሏል፤ መቼም እሱ አያልቅበት። እማዬ ደግሞ "ከሁሉ አብልጬ እንደምወደው ንገሪው" ብላኛለች። ይኸው፣ ነገርኩህ።

እህትህ ቱርዲስ
ኡልቪክ፣ ኖርዌይ
ኦክቶበር 12 ቀን 2009