«ከግሉተን ነፃ» ስለሚለው ሰሌዳና ስለ ባለቤቴ ምሳ

ለምግብና መጠጥ ቤቶች ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ኅዳር 12

ጉዳዩ፦ ከዳቦ ቤቴ ፊት ለፊት ያለው ምግብ ቤት «ከግሉተን ነፃ» ብሎ የሰቀለው ሰሌዳ ለእውነተኛ ችግር ይሁን ለወረት ተጣርቶ እንዲወሰን፣ እንዲሁም ተያያዥ ጥያቄ ስለ ማቅረብ

ክቡር ኃላፊ፣

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመነሻው እጀምራለሁ። ከረዘመብዎ ይቅርታዎ አይለየኝ፤ የሚያዳምጠኝ ሰው ካገኘሁ ቆይቻለሁ።

1. እኔ አመልካች ከአባቴ በወረስኩት ዳቦ ቤት ዳቦ እየጋገርኩ የምተዳደር ሰው ነኝ። የመንገዳችን ሰው ጠዋት የሚነቃው በእኔ ዳቦ ሽታ ነው ብል ጉራ አይሆንብኝም። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ ያለው ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ ባለው ክፍል ሲሆን፣ በመካከላችን ያለው ግድግዳ በምድጃው ሙቀት ስለሚሞቅ በብርድ ጊዜ ጀርባዋን ወደ እኔ አዙራ ነው የምትሰፋው። ይህን የጠቀስኩት የቦታውን አቀማመጥ ለማስረዳት ብቻ ነው።

2. ተጠሪ ከመንገዱ ማዶ ምግብ ቤት ያለው ግለሰብ ነው። ቁመቱ ረጅም፣ ሰውነቱ ቀጭን በመሆኑ በሰፈሩ «ሰንበሌጥ» ይባላል። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ የሚባለው አልተረጋገጠም። ይህ ሰው በሩ ላይ በአረንጓዴ ቀለም «ከግሉተን ነፃ ምግብ እናዘጋጃለን» የሚል ሰሌዳ ሰቅሏል። ግሉተን የሚባለው በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለ፣ ሊጥ ሲቦካ እንደ ላስቲክ እንዲሳብ የሚያደርገው ነገር ነው። በሌላ አነጋገር፣ አባቴንም እኔንም ያኖረን ነገር ነው። ተጠሪ ከዚህ ነፃ ነኝ ብሎ በፊቴ ሰሌዳ ሲሰቅል ምን እንደተሰማኝ ለክቡርነትዎ መግለጽ አያስፈልገኝም።

3. ወረት መኖሩን በዓይኔ ያየሁት ስለሆነ እመሰክራለሁ። አንዲት ወጣት በተጠሪ ቤት ያለ ስንዴ የተሠራ ምሳ በልታ መንገዱን ትሻገርና ከእኔ ዘንድ ክሬም የተቀባ ኬክ ትገዛለች። «ስንዴ ትተሽ አልነበር እንዴ?» ብላት «እሱ ለምሳ ነው» አለችኝ። ሌላው ጡንቻውን የሚያሳብጥ ጎረምሳ ነው፤ ግሉተን ምን እንደሆነ ብጠይቀው «እኔ እንጃ፣ ግን ጥሩ አይደለም አሉ» አለ። አሉ! የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ እንኳ ሳይቀር፣ እኔ ያሳደግሁት እስኪመስል ዳቦዬን በልቶ ያደገ ሰው፣ አንድ ቀን ዳቦዬን አገላብጦ እያየ «ነፃ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ነፃ አይደለም፣ በገንዘብ ነው አልኩት።

4. ወደ ባለቤቴ ልምጣ። ለዓመታት ሆዷን ይነፋት፣ ይቆርጣት፣ ፊቷ ይገረጣ ነበር። ቀሚሶቿን በገዛ እጇ ከግራና ቀኝ እያጠበበች ከረመች። እኔም ባል ነኝና አላረፍኩም፤ ከምድጃ የወጣ ትኩስ ዳቦ መሃሉን ቆርሼ «ብዪ፣ ጉልበት ይሆንሻል» እላት ነበር። እሷም እምቢ አትለኝም፣ ትበላለች። በመጨረሻ ሆስፒታል ስትሄድ ሐኪሙ ደሟን መረመረ፣ በአፏ ቱቦ አስገብቶ አንጀቷን አየ፤ ስንዴና ገብስ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ እንዳይነኳት፣ መድኃኒቱም ይኸው መተው ብቻ እንደሆነ ነገራት። እኔ በበኩሌ ሐኪምም ወረት አለው ብዬ ነበር አብሬያት የተመለስኩት። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ለእሷ የተለየ ድስት፣ የተለየ ማንኪያና የተለየ ሰሃን አለ። እንዳይቀላቀሉ በየእጀታቸው ቀይ ክር አስራባቸዋለች፤ ቀይ ክር ያለበትን እኔ አልነካም። ምሳዋን ደግሞ፣ የእኛ ቤት አየሩም ዱቄት ስለሆነ፣ ተጠሪ ቤት መብላት ጀመረች።

5. ስለ ቅናት። ይህ ቃል በአቤቱታ ላይ የሚጻፍ አይመስለኝም፤ ነገር ግን ሰፈሩ ስለሚያወራው ከሌላ ከሚሰሙት ከእኔው ይስሙት። ቀንቻለሁ።

ባለቤቴ ተጠሪ ቤት መብላት ከጀመረች ወዲህ አማረባት። ጉንጯ ሞላ፣ ሳቋ ተመለሰ፣ ያጠበበቻቸውን ቀሚሶች ሁሉ ስፌታቸውን እየፈታች ማስፋት ያዘች። ክሩ ጠር ጠር ሲል በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። ሌላ ባል ሚስቱ ስታምርለት ደስ ይለዋል። እኔም ደስ ብሎኛል፤ ግን በእኔ ዳቦ ከስታ በሌላ ሰው ድስት መወፈሯ እንዴት ተደርጎ ይዋጣል? ቤት ስንገባም ወሬዋ እሱው ነው፤ «ዛሬ ድንቹ እንዴት እንደ በሰለ ብታይ!» ትለኛለች። ደግሞ እሷን «እህት ዓለም» ይላታል፣ እኔን ግን «ጋሼ» ይለኛል። እኔና እሷ የሁለት ዓመት ልዩነት ነው ያለን። በምን ስሌት እሷ እህቱ ሆና እኔ ጋሼ እንደሆንኩ መሥሪያ ቤትዎ ቢያጣራልኝ አልጠላም፤ ዋናው አቤቱታዬ ግን ይህ አይደለም።

6. ዋናው ይህ ነው። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ምድጃውን ለሠራተኛዬ ትቼ፣ ከባለቤቴ ጋር ለመብላት ከነሽርጤ መንገዱን ተሻገርኩ። ተጠሪ በሩ ላይ ሁለት እጁን ዘርግቶ አቆመኝ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ከነዱቄትዎ አላስገባዎትም» አለኝ። «ልበላ ነው የመጣሁት እንጂ ልቦካ አይደለም» ብዬ ስመልስለት ተመጋቢው ሁሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም፤ እጁንም አላወረደም። ባለቤቴ በመስኮቱ በኩል ባለው ጠረጴዛ ብቻዋን ተቀምጣለች፤ ከፊቷ ባዶ ወንበር አለ። አየችኝና ዶሮ እንደሚባረር በእጇ ሂድ፣ ሂድ አለችኝ። ኩም ብዬ ተመለስኩ።

በዚያ ባዶ ወንበር መደገፊያ ላይ ተጠሪ «ጣዕሙ እንዴት ነው?» ሊል ሲመጣ እጁን ያሳርፋል። ከዳቦ ቤቴ በር ላይ ሲቆሙ በደንብ ይታያል። በየቀኑ አረጋግጫለሁ።

7. እኔም ዳቦ ጋጋሪ ነኝና እልህ ያዘኝ። ሩዝና በቆሎ ለብቻ አስፈጨሁ፣ አዲስ ወንፊት ገዛሁ፣ ቡሃቃውን በፈላ ውሃ አጠብኩ። ሊጡ ሊጥ አልሆን አለኝ፤ እንደ እርጥብ አሸዋ ከእጄ ይፈርሳል፣ ከጠረጴዛው ይጣበቃል። በዚህ መሃል እጄ እኔን ሳይጠይቅ ሄዶ ከጎን ካለው ጆንያ ቆንጠር አድርጎ ጠረጴዛው ላይ በተነ። ሊጥ ሲጣበቅ ዱቄት መበተን እጄ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚሠራው ሥራ ነው። የስንዴ ዱቄት ነበር። አየሁት። አንዴ ሆኗል፣ ቁንጥር ናት፣ ደግሞስ እሳት ካየው ምን ለየው አልኩና ጋገርኩት።

ባለቤቴ ያን ዳቦ በሁለት እጇ ይዛ አሸተተችው። «የአንተን ዳቦ እኮ እንዴት እንደናፈቀኝ!» ብላ በላች። ሰንበሌጥን፣ ማለቴ ተጠሪን፣ ድል የነሳሁ መስሎኝ በሩ ላይ ቆሜ ወደ ማዶ ፈገግ ብዬ ነበር። ከሰዓት በኋላ የስፌት መኪናው ድምፅ ተቋረጠ። ገብቼ ሳያት ሆዷን ይዛ ወለሉ ላይ ተጣጥፋ ነበር። ብዙ ቀን ከአልጋ አልወጣችም፤ ውሃ እንኳ አልረጋላት አለ። አማቴ መጥተው፣ ጠረጴዛው ላይ ስለ በተንኩት ዱቄት ስነግራቸው፣ «ልጄ፣ እየወደዱ መጉዳትም መጉዳት ነው» አሉኝ።

8. ተጠሪ ሾርባ በተከደነ ዕቃ ይዞ መጣ። ቤቴ ደጃፍ ላይ ቆመ እንጂ አልገባም፤ የእኛ ቤት ዱቄት ልብሱ ላይ ሰፍሮ ወደ ወጥ ቤቱ እንዳይሄድ ነው። እኔ በእሱ ደጅ እንደቆምኩት እሱም በእኔ ደጅ ቆመ። «ጋሼ፣ እጅዎን እስከ ክርንዎ ታጥበው ይስጧት» አለኝ። «ሌባ» ልለው ከአፌ ደርሶ ነበር፣ አፌን በዳቦ። ታጠብኩና ቀይ ክር ባለበት ማንኪያ ሰጠኋት። ጠጣች፣ ረጋላት፣ እንቅልፍም ወሰዳት። ቆሽቴ እያረረ አጠገቧ ተቀምጬ፣ ሾርባው ምን ቢገባበት ነው እያልኩ በማንኪያው ጫፍ ቀመስኩት። ክቡር ኃላፊ፣ ጨው ጎድሎታል።

9. እንግዲህ ከላይ «ጉዳዩ» ብዬ ከጻፍኩት ጥያቄ ግማሹን ራሴው መለስኩት ማለት ነው። ለባለ ኬኳ ልጅ ወረት ነው፤ ለባለቤቴ የነፍስ ጉዳይ ነው፤ ሰሌዳው ግን አንድ ነው። አሁን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነገር ነው። ተጠሪ ለባለቤቴ ብቻ ሲል የተለየ ወጥ ቤት አያቆምም፤ ገበያውን ያሞቁለት ወረተኞቹ ናቸው። እነሱ የሰለቻቸው ዕለት ሰሌዳው ይወርዳል። ያን ጊዜ ባለቤቴ የት ትበላለች? ሰሌዳው እንዲወርድ ስመኝ የከረምኩ ሰው አሁን በየጠዋቱ በሬን ስከፍት መጀመሪያ የማየው መኖሩን ነው። አየውና ደግሞ እናደዳለሁ።

10. ባለቤቴ ከዳነች በኋላ እንደገና ሞከርኩ። ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ታጠብኩ፣ ጆሮዬን ሳይቀር ጠረግሁ፣ እሷ የሰፋችልኝን፣ ዳቦ ቤት ገብቶ የማያውቅ ሸሚዝ ለብሼ ሄድኩ። ተጠሪ ከፀጉሬ እስከ ጫማዬ አየኝና «ጋሼ፣ ዓይኔ ወንፊት አይደለም። ከቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ‹ንጹሕ ነው› የሚል ወረቀት ያምጡ፣ ወንበሩ የእርስዎ ነው» አለ። ቀልድ መሆኑን አላጣሁትም። ባለቤቴም ሳቀች። ነገር ግን «ተወው፣ ይግባ» አላለችም። ወደ እጄ ነው ያየችው። ከዚያች ቁንጥር ዱቄት ወዲህ ፊቴን ሳታይ በፊት እጄን ነው የምታየው፤ ከሁሉም የጎዳኝ እሱ ነው።

ስለዚህ ክቡርነትዎን በትሕትና የምጠይቀው፦

ሀ) ተቆጣጣሪ ሳይነገር በምሳ ሰዓት ወደ ተጠሪ ወጥ ቤት ገብቶ ድስቱ፣ ዘይቱ፣ መክተፊያው በእርግጥ የተለየ መሆኑን እንዲያይልኝ ነው። ጥፋት ቢገኝበት ደስ ይለኛል ብዬ ነበር ስጀምር፤ አሁን ግን ባይገኝበት ይሻለኛል፤ የምትበላው እሷ ናትና።

ለ) ወረቱ ሲያልፍ ሰሌዳው እንዳይወርድ፣ ሐኪም ለከለከላቸው ሰዎች ሲባል ተጠሪ አገልግሎቱን እንዲቀጥል መሥሪያ ቤትዎ በሚችለው መንገድ እንዲያበረታታው ነው። ይህን የጠየቅኩት እኔ መሆኔ ለተጠሪ እንዳይነገር አደራ እላለሁ።

ሐ) ባለሙያዎ እኔን ራሴን፣ ፀጉሬን፣ ጥፍሬን፣ ኪሴንና የሸሚዜን እጅጌ መርምሮ፣ ለምሳ ሰዓት ብቻ የሚያገለግል፣ ከስንዴ ነፃ ስለመሆኔ የሚያስረዳ ማኅተም ያለበት ወረቀት እንዲሰጠኝ ነው። መሥሪያ ቤትዎ የሚመረምረው ምግብ እንጂ ሰው አለመሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ዕድሜዬን ሙሉ ዱቄት ውስጥ የኖርኩ ስለሆነ፣ ከዳቦ ብዙም አልርቅም። በተጠሪ ቤት ምንም አልበላም፣ አልቀምስም፣ ጨውም አላማርርም። ከፊቷ ባለው ወንበር መቀመጥ ብቻ ነው የምፈልገው።

ለምታደርጉልኝ ትብብር ከወዲሁ እያመሰገንኩ፣ በንጹሕ እጄ ከጻፍኩት

ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
አመልካች፣ ዳቦ ጋጋሪው

ግልባጭ፦
ለልብስ ሰፊዋ ባለቤቴ፣ በመስኮቱ በኩል ባለው ጠረጴዛ። ወረቀቱ ከዘገየ፣ ከቀይ ክሩ ትንሽ ይዘሽ ውጪና እጄ ላይ እሰሪልኝ፤ በሩ ላይ እጠብቃለሁ።